በሐጂ ኢድሪስ በረንዳ ላይ ያለው እድፍ

ዩትሬክት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ አብዱሰመድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የአላህ ሰላም ከእርስዎ፣ ከአክስቴና ከልጆቹ ሁሉ ጋር ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የደባርቅ ብርድ በኅዳር ምን እንደሚመስል አልረሳሁም፤ ካፖርትዎን ሱቅ ረስተው እንዳይሄዱ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኢንተርኔት ከእናንተ ዘንድ ከጠፋ ወዲህ፣ በስልክም እርስዎ "አይሰማም፣ አይሰማም" እያሉ ስለሚዘጉብኝ፣ ወረቀት ይሻላል ብዬ ይህን ወደ ጎንደር ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ።

ወንድሜ ሙሐመድአወል ካርቱም ላይ ቤት ተደርምሶበት ሞተ የሚለው ወሬ ከደረሰን ዓመት አለፈው። ሰደቃውን በአባባ በረንዳ ላይ አውጥተውልኛል፤ አላህ ይቀበልዎ። እኔ ግን በሰደቃው ብቻ ልቤ አልረጋም። መቃብር እንኳ የሌለው ወንድም ነው። ስለዚህ ቆርጫለሁ፦ የአባባ ቤት በሱ ስም ለቁርኣን ቤት ይሰጥ። ልጆች ቁርኣን በቀሩበት ቁጥር ምንዳው ለሱ ይድረሰው። የመስጊዱን ሽማግሌዎች በዘመድ በኩል አነጋግሬያቸው እሺ ብለዋል፤ ከረመዳን በፊት ቤቱን አይተው ቁልፉን ከእርስዎ ይረከባሉ።

አሁን ወደ አንድ ነገር ልግባ። የጎረቤታችን ልጅ ዙሀራ ጎንደር ወርዳ ኔትወርክ ስታገኝ የቤቱን ፎቶ ልካልኝ ነበር። ከሳሎኑ በር በስተቀኝ፣ አባባ የአስር ሶላት ይሰግዱበት ከነበረው ቦታ ላይ፣ ትሪ የሚያክል ጥቁር እድፍ አየሁ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚሄደው በብስክሌት ነው፤ እኔም አንድ አለችኝ፤ ጓሮ ንጣፍ ላይ አቆማታለሁ፤ አከራዬ ደግሞ እድፍ ባየ ቁጥር በሬን ያንኳኳል። ስለዚህ የብስክሌት ሰንሰለት ዘይት የጣለውን እድፍ ካየሁ አልስተውም። አባባ በገዛ እጃቸው ባለሰለሱት ሊሾ ላይ፣ ሰው ጫማ አድርጎ ሲወጣ በሚቆጡበት በረንዳ ላይ፣ ብስክሌት ማን አወጣ?

ለማንኛውም እንዲህ ያድርጉ። አይሹት፤ ሲሹት ወደ ውስጥ ይገባል። የተነፋ ደረቅ አመድ ደህና አድርገው ይነስንሱበትና ይደር። ዘይቱን አመዱ ይጠጣዋል። ከዚያ ጠርገው በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ በጠንካራ ብሩሽ ይታጠብ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ሆኖ እንዲያዩት አልፈልግም።

ልጅዎ ፈይዛ


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፈይዛ፣

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዐይን፣ ከክፉ ጎረቤትና ከዚያ አገር ብቸኝነት ይጠብቅሽ። አክስትሽ ትስምሻለች፤ ስንዴው በዚህ ዓመት ደህና ነው ብለህ ጻፍላት ብላኛለች። ጉልበቴ እንደነበረ ነው፤ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ደብዳቤሽ ዳባት ላይ መንገድ ተዘግቶ ከመኪናው ጋር ሲያድር ሲያድር ገና አሁን ደረሰኝ።

ስለ ቁርኣን ቤቱ ያሰብሽው የሐጂ ኢድሪስ ልጅ የሚያስበው ነው። እኔ ግን አትቸኩዪ እልሻለሁ። የታሰበ ኸይር ነገር ቢቆይ አይሻግትም።

ስለ እድፉ ደግሞ። እውነት ነው፣ እድፍ አለ። ለሰደቃው ስንት ሰው ገብቶ እንደወጣ አላየሽም። ከኮሶዬ ሳይቀር የመጣ ነበር። በሬ ታርዷል፣ ዘይት በጀሪካን ገብቷል፣ ሰው በሰው ላይ ነበር። አንዱን ካንዱ ለይቼ ይሄ አፈሰሰ ልልሽ አልችልም።

ያልሽውን አመድ ነሰነስኩ። ሲነጋ ነፋሱ ከሊማሊሞ በኩል ተነሥቶ አመዱን እንዳለ አንሥቶ የዙሀራ እናት አጥባ ካሰጣችው ልብስ ላይ አራገፈው። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የምትመልሰው። እድፉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እና ሽማግሌዎቹን ለጊዜው አቆዪልኝ። እንዲህ ሆኖ አይረከቡትም፤ እኔም አፍራለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሚመጣ ሰው ካለ ለሥራ የሚሆን ጓንት ላኪልኝ፤ መዳፉ ወፍራም ቆዳ የሆነ፣ ለትልቅ እጅ የሚሆን።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

አጎትሽ አብዱሰመድ


ዩትሬክት፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ለእርስዎም ለአክስቴም ጤናና ሰፊ ሲሳይ እመኛለሁ። ለዙሀራ እናት ስለ ልብሱ ይቅርታ በሉልኝ፤ በኔ ምክር የመጣ ጣጣ ነው።

ጓንቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። ግን አጎቴ፣ የጨርቅ ነጋዴ በቆዳ ጓንት ምን ይሠራል? እጅዎ የሐር እጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳውቅዎት ከሜትርና ከመቀስ ሌላ ነገር ጨብጠው አያውቁም። የእርስዎ እጅ ትልቅም አይደል።

የሰደቃ ዘይት ያሉት አልተዋጠልኝም። የምግብ ዘይት ሲደርቅ ቢጫ ሆኖ ይጣበቃል እንጂ አይጠቁርም። ደግሞ ፎቶውን ደጋግሜ አጉልቼ አየሁት። ከእድፉ ተነሥቶ እስከ ሳሎኑ በር ድረስ ሦስት ቀጫጭን መስመር አለ። ብስክሌት ሁለት ጎማ ነው፤ የኋላው የፊቱን ፈለግ ተከትሎ ስለሚሄድ አንድ መስመር ነው የሚተወው። ሦስት መስመር የሚተወው ጋሪ ነው። ወደ አባባ ሳሎን የሚገባ ጋሪ ምን ጭኖ ነው?

ልቤ ወደ መጥፎ ነገር እየሄደ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ መልሱልኝ። ዙሀራ ውስጡንም ፎቶ ላንሳላት ብላ ቁልፍ ብትጠይቅዎ ጠፍቷል አሏት አሉ። የጠፋ ቁልፍ ካለ በረንዳውን ሊያጥቡ ግቢውን በምን ከፍተው ገቡ?

እድፉን በተመለከተ፣ በአመድ እምቢ ካለ የዱቄት ሳሙናን በጥቂት ሙቅ ውሃ እንደ ገንፎ አድርገው ያቡኩት። ወፈር አድርገው ይለቅልቁትና በላስቲክ ሸፍነው ዳር ዳሩን በድንጋይ ይያዙት፤ ነፋሱ አይነካውም። ሲደርቅ ተፍቆ ይነሣል፤ ካስፈለገ ይደገማል። የሽቦ ብሩሽ ሊሾውን ይጭረዋልና ይቅር። ከሁሉ በላይ ግን በነጭ ጋዝ እንዳይነኩት፤ ጋዝ ዘይቱን አቅጥኖ ያሰፋዋል።

ልጅዎ ፈይዛ


ደባርቅ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈይዛ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው። ረመዳን ደጅ ላይ ቆሟል፤ አላህ ጾመው ከሚጠቀሙት ያድርገን። እዚያ ቀኑ አጭር ነው ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ፀሐይዋ ለመጥለቅ ትግደረደራለች።

ጓንቱ ደርሷል፤ ልክ ነው፤ አላህ እጅሽን ይባርከው። "በጋዝ እንዳይነኩት" የሚለው ምክርሽም ደርሷል፤ የደረሰው ግን ጋዙን ካፈሰስኩ በኋላ ነው። የማውቀው ጋራዥ ያለው ሰው ዘይትን ጋዝ ነው የሚያወጣው አለኝና አንድ ጠርሙስ ገለበጥኩበት። ትሪ የሚያክል ያልሽው አሁን ሰፌድ ያክላል። ሽታው ደግሞ ለብቻው ነው። ቀጥሎ አክስትሽ እንዶድ ወቅጣ አረፋውን ደፋችበት፤ እሱ ጋዙን ወሰደ፣ ዘይቱን ተወ። ያንቺን የሳሙና ገንፎ ደግሞ ትናንት ለቅልቄ በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ሰው አይቶ ምን ቀብረህ ነው ይለኛል።

ሦስት መስመር ስላልሽው፣ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ውሃ በምን ይመጣል? በጋሪ ነው። ከደረጃው አጠገብ በሲሚንቶ ትንሽ ተዳፋት አሠርቻለሁ፤ ዙሀራ መቼም ሳትነግርሽ አትቀር ብዬ ቀድሜ ነገርኩሽ። ደረጃውን አልነካሁም፤ ወንድሜ የሠራውን አላፈርስም።

ቁልፉን በተመለከተ ሆድ ይፍጀው። ዙሀራ ጥሩ ልጅ ናት፤ ዐይኗ ግን ከእግሯ ይቀድማል።

ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ ይሁን። በጾም ሰው አይጉላላ። አሁን ደግሞ ጓንት አይደለም የምለምንሽ፤ ለቆየ ቁስል የሚሆን ጥሩ ቅባት ነው። ለማን ነው አትበዪኝ። ሰው ታሞ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም።

አጎትሽ አብዱሰመድ


ዩትሬክት፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አብዱሰመድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒዳችሁ ሙባረክ ይሁን። ቅባቱን ልኬያለሁ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እንዳሉኝ።

አሁን የምጽፈውን በቁጣ እንዳይወስዱብኝ ልል ነበር፤ ግን ተቆጥቻለሁና መደበቅ የለብኝም።

ዙሀራ ለዒድ ጎንደር ስትወርድ በአጥር ላይ ያነሣችውን ፎቶ ላከችልኝ። እድፉን አየሁት። የታጠበ እድፍ ቢያንስ ይደበዝዛል፤ አቧራ ይለብሳል፤ ዳሩ ይሰነጣጠቃል። ይሄ ግን ያብረቀርቃል፤ እርጥብ ነው። አመድ፣ ጋዝ፣ እንዶድ፣ የሳሙና ገንፎ ከወረደበት በኋላ ጭራሽ አዲስ ሆኗል። ይህ የቆየ እድፍ አይደለም፤ በየቀኑ የሚንጠባጠብ ነው። እኔ እዚህ አገር ቁጭ ብዬ እንዴት እንደሚለቅ ስጨነቅ፣ እዚያ ደግሞ አንድ ሰው በየቀኑ እያደሰው ነው።

ዙሀራ ሌላም ነግራኛለች። ከአባባ ማድቤት ጭስ ይወጣል። የሰው ሳል ይሰማል። እርስዎም በየምሽቱ በሰሐን የተሸፈነ ነገር ይዘው ይገባሉ፤ ባዶ ይዘው ይወጣሉ። የጠፋውን ቁልፍ አግኝተውታል ማለት ነው።

ቤቱን አከራይተዋል። ወይም የአንዱ ነጋዴ ዕቃ ማከማቻ አድርገውታል። ምን አደረግኩዎት? ቢቸግርዎ "ቸገረኝ፣ ላከራየው" ቢሉኝ እምቢ እል ነበር? አባባ ሲሞቱ ቁልፉን መዳፍዎ ላይ አድርገው "አማና ነው" ያሉዎትን እኔ ራሴ፣ ላስታምማቸው የመጣሁ ጊዜ፣ ቆሜ ሰምቻለሁ። ያ ቤት አሁን የሞተ ወንድሜ ስንቅ ነው። ከሱ ላይ እየሰረቃችሁ እንደሆነ ነው የሚሰማኝ።

እንግዲህ አላቆይም። ሼህ አብዱልቃድርና ሁለት ሽማግሌዎች በግንቦት መጀመሪያ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣሉ። ውክልናውን በኤምባሲ አስጨርሼ ልኬላቸዋለሁ። እድፉ ቢኖርም ባይኖርም ይረከባሉ።

ፈይዛ ኢድሪስ


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈይዛ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

"አቶ" ብለሽ የጻፍሽልኝን አነበብኩት። አክስትሽ ምን ትላለች ብትለኝ ሰላም ብላለች አልኳት።

አላከራየሁም። የማንም ዕቃ የለበትም። በአባትሽ ቀብር እምልልሻለሁ። ከዚህ ሌላ የምነግርሽ የለኝም፤ የማልነግርሽም ስለማላምንሽ አይደለም። የታሰርኩበት ነገር አለ። ሽማግሌዎቹን አታምጪያቸው። ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ አቆዪልኝ። በሕይወቴ ለምኜሽ አላውቅም፤ ይሄው ለመንኩሽ።

አብዱሰመድ


ዩትሬክት፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎን በፈጣን መልእክት ልከውልኛል፤ እኔም በዚያው መለስኩ።

የታሰሩበት ነገር ካለ ለኔ መንገር የማይችሉት፣ በኔ ቤት ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ። "ክረምቱ እስኪወጣ" ይላሉ። በታኅሣሥ "አትቸኩዪ" ነበር፣ በየካቲት "ከዒድ በኋላ" ነበር። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ።

ፈይዛ


ደባርቅ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለልጄ ለፈይዛ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቆመሽ ከሆነ ወንበር ፈልጊ።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ በር ላይ ተቀበልኳቸው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን ግን ወደ ኪሴ መስደድ አቃተኝ። ሼህ አብዱልቃድር በረንዳው ላይ ወጡ፤ እድፉን አዩና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዘለሉት። ከዚያ ከመረከባችን በፊት ለባለ ምንዳው ዱዓ እናድርግ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን።

"አላህ ሆይ፣ ባርያህን ሙሐመድአወል ኢድሪስን ማረው" አሉ። "አሚን" አልን። "ቀብሩን አስፋለት፣ ብርሃን አድርግለት" አሉ። ይሄን ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ከውስጥ፣ ከሳሎኑ በር ኋላ፣ ጮክ ያለ "አሚን" ተሰማ።

ሼሁ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በተዳፋቱ ወርዶ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በሩ ተከፈተና መጀመሪያ አንድ ጎማ ወጣ፤ ከዚያ ያንቺን የቆዳ ጓንት ያጠለቀ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ወንድምሽ ወጣ።

በሕይወት አለ፣ ፈይዛ። አወል አለ።

ያን ቀን ካርቱም ቤቱ የተደረመሰበት እውነት ነው። ያወጡት ሱዳኖች ናቸው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተት ከርሞ በመተማ ገባ። ጎንደር ሲደርስ የሚያውቀውን የደባርቅ ሰው አገኘና ስለ ቤተሰቡ ቢጠይቀው፣ "እህትህ ሰደቃህን አውጥታልሃለች" አለው። በገዛ ሰደቃው ወሬ ነው የተቀበልነው። እኔ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ ያለኝ "አጎቴ፣ በሬው ደህና ነበር ወይ" ነው። ሳቅኩም አለቀስኩም።

ላንቺ ልጽፍ ብድግ ስል እጄን ያዘኝ። "ሞቴን ለምዳዋለች" አለኝ። "አሁን ብትሰማ ወይ ሥራዋን ጥላ ልሸከምህ ብላ ትመጣለች፤ ወይ ደግሞ በልቧ ለውርስ መጣ ትላለች። ጎንደር ሰው ሠራሽ እግር ይሠሩልኛል። በሁለት እግሬ ቆሜ ላናግራት።" አስማለኝ። ቁርኣን አስይዞ ነው ያስማለኝ፤ በአፌም በብዕሬም ስሙን ላላነሣብሽ። እግሩ ዛሬ ይደርሳል ነገ ይደርሳል ሲባል መንገዱ ተዘጋ፣ ቀጠሮው አለፈ፣ ቁስሉ አመረቀዘ። ይሄው ዓመት ሊሞላ ነው።

እድፉን ጠይቀሽኝ ነበር። በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ገዝቼለት ነው፤ ሰንሰለቱ ከፊት ነው። ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ጎረቤት ሰምቶ እንዳያወራ ብሎ በየማለዳው በዘይት ያጠምቀዋል። ከዚያ በሩ አጠገብ አቁሞት ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ሳጥብ እሱ ያንጠባጥባል። አንድ ቀን "ልጄ፣ ዘይቱን ቀንስ፣ እህትህ ልትገድለኝ ነው" ብለው፣ "እኔ ሞቻለሁ፣ ተራው ያንተ ነው" አለኝ።

ዙሀራ ፎቶ ልታነሣ ስትመጣ እድፉ ላይ ሰሌን ልጥልበት እችል ነበር። ሰሌኑ እጄ ላይ ነበር። አልጣልኩትም። ስሙን ላላነሣ ማልኩ እንጂ ዐይንሽን ልጋርድ አልማልኩም። ይሄን ያህል የምታውቂ ልጅ ራስሽ ትደርሺበታለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ጋሪ አልሽ፣ ኪራይ አልሽ፣ ሌብነት አልሽ። አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። "አቶ" ያልሽኝ ግን አሁንም ያመኛል፤ ይሄን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም።

ሼሁ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "የተነየተ፣ በልብ የታሰበ ነገር አላህ ዘንድ አይጠፋም" ብለው ወንድምሽን ግንባሩን ስመውት ሄዱ።

አጎትሽ አብዱሰመድ


ዩትሬክት፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአብዱሰመድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ተቀብዬ መንገድ ላይ ከፈትኩት። ሳለቅስ ያላዩኝ ሰዎች የሉም፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ብስክሌቴን ይዛልኝ ቆመች። ስለ "አቶ" ይቅር በሉኝ። ጉልበትዎን ስሜ ነው የምለምንዎ።

ግን አጎቴ፣ ልቤ አላመነም። እንዳልዋሽዎት ነው የምነግርዎ። ለወራት ነገር እያለባበሱ ጽፈውልኛል፤ ሁሉም እውነት ነበር፣ ሁሉም ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ዙሀራን በስልክ አግኝቻት "አንድ እግር የሌለው ጺማም ሰው አየሁ" አለችኝ፤ አወል ሲሄድ እሷ ሕፃን ነበረች፣ መልኩን አታውቀውም። ማን ያውቃል፤ ስሙን ያወቀ፣ ቤት ያጣ ሰው ሊሆን ይችላል። እርስዎም አዝነውለት አምነውት ይሆናል። ዐይንዎ እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ጊዜ ሞቶብኛል፤ ተመልሶ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ሁለተኛውን ሞት አልችለውም። ለዚህ ነው የምጠራጠረው፤ ክፉ ሆኜ አይደለም።

ከታች ያለውን ለሱ ያንብቡለት። መልሱን በገዛ እጁ ይጻፍ፤ እርስዎ አይርዱት።

አንተ በአባቴ ቤት ያለኸው ሰው፦ ከደባርቅ የወጣሁ ዕለት፣ መናኸሪያው ውስጥ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል፣ በመስኮቱ በኩል ወንድሜ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ምን ነበር ያለኝ? ይህንን ከኔና ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ፈይዛ


ደባርቅ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

አጎቴ ደብዳቤሽን እያነበበልኝ "መናኸሪያ" የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ "በል አስብ፣ ምን ነበር ያልካት" አለኝ። ከኔ ይልቅ እሱ ነው ያላበው። አክስቴ ደግሞ "ቶሎ ተመለሽ ብያት ነበር በል" ብላ ከማድቤት ትጮሃለች። ማንም እንዳይረዳኝ ብለሽ ስለነበር ሁለቱንም አስወጥቼ ነው የምጽፈው።

ምንም አላልኩሽም። መናኸሪያ አልመጣሁም።

ከአባባ ጋር ብቻዬን ትተሽኝ በመሄድሽ ተናድጄ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ቆሜ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብተሽ ከተቀመጥሽ በኋላ እንደገና ወረድሽ። ሹፌሩ ሲጮህብሽ ያዙኝ ልቀቁኝ ስትዪ አየሁሽ። ነጠላሽ ትከሻሽ ላይ አልረጋ እያለ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስታዪ ነበር። እጄን ባወጣ ታዪኝ ነበር፤ አላወጣሁም። መኪናው ከሄደ በኋላ አስፋልቱ ላይ ሮጥኩ፤ እግር ነበረኝ ያኔ፤ አልደረስኩብሽም። ይህንን የነገርኩት ሰው የለም፤ አንቺም ያላየሽውን አታውቂም፤ እኔ እንዳልመጣሁ ብቻ ነው የምታውቂው።

የጠየቅሽኝ ጥያቄ ወጥመድ መሆኑ ሲገባኝ ነው ያንቺ መሆኑን ያወቅሁት። ያንቺን እጅ ጽሑፍ እኔም ተጠራጥሬው ነበር።

ቤቱን ለቁርኣን ቤት ስጪው፤ እኔ የምተኛበት አንዲት ክፍል ይበቃኛል፤ ልጆቹ ቁርኣን ሲቀሩ እሰማለሁ። ለውርስ አልመጣሁም። ይህን በአፌ ልነግርሽ ነበር ስጠብቅ የከረምኩት፤ ቆሜ፤ ግን እግሩ አልደረሰም።

የምትመጪበትን ቀን ጻፊ። መናኸሪያ እመጣለሁ። ከቤት እስከዚያ ቁልቁለት ስለሆነ ማንም ሳያግዘኝ እደርሳለሁ። ስንመለስ ዳገት ነው፤ ያኔ አንቺ ትገፊኛለሽ።

ወንድምሽ ሙሐመድአወል